ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል ወይስ ይገባል? ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ለምን ተጋጩብን?

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት ወደ ካርቦሃይድሬት፣ ሊፒድ፣ ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ ገብተናል። ለሕዋስ ኃይል የሚያቀብለው ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ላይ ስንደርስ መጽሐፉ እንደሚለው «በፎስፌቶቹ መካከል ያለው ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይለቀቃል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ይህኔ አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ግን ቦንድ ለመስበር ኃይል መስጠት ያስፈልጋል ተብለናል። ማንኛችሁን እንመን?» አለችኝ።

በዚህ ሳታበቃ ሌላም ጨመረች። ሃይድሮጅን ቦንድ ደካማ ነው እንላለን፤ ወዲያው ደግሞ የዲኤንኤን ሁለት ገመዶች አጣምሮ የያዘው እርሱ ነው እንላለን። የዘር መረጃችንን የሚያህል ነገር በደካማ ቦንድ መያዙ ልጆቹን አላሳመናቸውም። እኔም ተሸፋፍኖ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። እንዲህ የምትጠይቅ ልጅ በየዓመቱ አትገኝም። ሰኞ ተመልሼ ክፍል እገባለሁ፤ የኬሚስትሪ ሰዎች ካላችሁ በቁጥር ጭምር ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር፣ ጎንደር፦

መምህርት፣ ለተማሪዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ትክክል ናት። ቦንድ መስበር ሁልጊዜ ኃይል ይጠይቃል፤ በምጣድ ላይም ይሁን በጉበት ሕዋስ ውስጥ ሕጉ አይለወጥም። ኃይል የሚወጣው ቦንድ ሲፈጠር ነው። ሁለት አቶሞች የሚተሣሠሩት ተለያይተው ከሚኖሩት ይልቅ ተያይዘው ሲኖሩ ኃይላቸው ዝቅ ስለሚል ነው፤ ያንን ትርፍ ወደ ውጭ ይጥሉታል። መልሶ ለማለያየት የጣሉትን ያህል መክፈል ግድ ነው።

ከኤቲፒ በፊት ቀለል ባለ ነገር ይጀምሩ። ከከብት እበት የሚገኘው ባዮጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው። አንድ ሞል ሚቴን ሲቃጠል አራት የካርቦንና ሃይድሮጅን ቦንዶች ይሰበራሉ፤ እያንዳንዳቸው 413 ኪሎ ጁል ይፈጃሉ፣ በድምሩ 1,652። ሁለት የኦክሲጅን ሞለኪውሎችም ይሰበራሉ፤ በ498 ሒሳብ 996። እስካሁን 2,648 ኪሎ ጁል ከፍለናል፤ ያገኘነው ምንም የለም። አሁን አዲሶቹ ቦንዶች ይፈጠሩ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለት ድርብ ቦንዶች በ799 ሒሳብ 1,598 ይሰጣሉ። በሁለቱ የውሃ ሞለኪውሎች ውስጥ አራት የኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ቦንዶች በ463 ሒሳብ 1,852 ይሰጣሉ። ድምሩ 3,450 ነው። ልዩነቱ 802 ኪሎ ጁል፤ ወጡን የሚያበስለው እርሱ ነው። ሚቴን ውስጥ «ተከማችቶ» የነበረ ነገር ፈንድቶ አልወጣም። ደካማ ቦንዶች ጠፍተው በምትካቸው ጠንካራ ቦንዶች ስለተፈጠሩ የመጣ ትርፍ ነው። ክብሪት የሚያስፈልገንም ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቦንዶች መስበሪያ የሚከፍልልን አንድ ሰው መኖር አለበት።

ተማሪዎቹ ይህን ሒሳብ በእጃቸው ከሠሩ በኋላ ኤቲፒ አያስቸግራቸውም። ኤቲፒ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፎስፌቶች መካከል ያለው ቦንድ ይሰበራል፤ ከውሃውም አንድ ቦንድ ይሰበራል። ሁለቱም ኃይል ይበላሉ። ከዚያ አዳዲስ ቦንዶች ይፈጠራሉ፤ የሚወጡት ኤዲፒ (አንድ ፎስፌት የተቀነሰለት ኤቲፒ) እና ነጻ ፎስፌት በድምር ከቀድሞው የተረጋጉ ናቸው። የሂሳቡ መዝጊያ በመደበኛ ሁኔታ ወደ 30.5 ኪሎ ጁል በሞል ይሆናል። ለምን ተረጋጉ? ኤቲፒ በሰውነታችን ፒኤች ውስጥ አራት የሚሆኑ ኔጋቲቭ ቻርጆችን በአንድ ጠባብ ቦታ አጭቆ የያዘ ሞለኪውል ነው፤ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ፎስፌቱ ሲለይ መገፋፋቱ ይቀንሳል። ነጻ የወጣው ፎስፌት ኤሌክትሮኖቹን በኦክሲጅኖቹ ላይ እኩል ያሰራጫል። የውሃ ሞለኪውሎችም ኤዲፒንና ፎስፌትን ከኤቲፒ ይልቅ አጥብቀው ይከባሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነጥብ ነው። ኤቲፒ እንዲሁ በውሃ ቢሰበር ሙቀት ብቻ ነው የሚተርፈን፤ ሕዋሱ ምንም ሥራ አልሠራም። ሕዋሱ የሚያደርገው ፎስፌቱን ወደ ሌላ ሞለኪውል ማሻገር ነው። ግሉኮስና ነጻ ፎስፌት ተጣምረው ግሉኮስ 6 ፎስፌት እንዲሆኑ 13.8 ኪሎ ጁል መክፈል ያስፈልጋል፤ በራሱ አይሄድም። ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኤንዛይም ግን ፎስፌቱን ከኤቲፒ ላይ አንሥቶ በቀጥታ ግሉኮሱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከ30.5 ላይ 13.8 ሲቀነስ 16.7 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሥራው ይሄዳል። እረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በቀን 40 ኪሎ ግራም ያህል ኤቲፒ ይጠቀማል ይባላል። በአንድ ቅጽበት በሰውነቱ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ወደ 100 ግራም ቢሆን ነው። ያው ሞለኪውል በቀን ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ይፈርሳል፣ ይሠራል ማለት ነው። ቦንዱ ከመጠን በላይ ጠንካራ ቢሆን ይህ ምልልስ አይቻልም ነበር።

«ከፍተኛ ኃይል ያለው ፎስፌት ቦንድ» የሚለውን አገላለጽ በ1941 ያስፋፋው ፍሪትዝ ሊፕማን ነው፤ በመጻሕፍት ላይ የምናያት የተወዛወዘች መስመርም የእርሱ ናት። ባለሙያዎቹ በዚህ የሚረዱት አጠቃላዩ ለውጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። ወደ መማሪያ መጻሕፍት ሲወርድ ግን ኃይሉ ቦንዱ ውስጥ እንደ ጥይት የተቀበረ መሰለ። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን በአንድ ትምህርት ቤት እየዋሉ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እየተፈራረቁ፣ ልጆቹ ፊት የሚጋጭ ነገር መናገራቸው ያሳዝነኛል። እባክዎ ከኬሚስትሪ ባልደረባዎ ጋር አብረው ይግቡ፤ አርባ ደቂቃ ይበቃችኋል።

ወደ ሃይድሮጅን ቦንድ ልለፍ። ደካማ ነው ሲባል «ከምን አንጻር?» ብለው ይጠይቋቸው። መለኪያው የሰውነት ሙቀት ነው። በ37 ዲግሪ ሞለኪውሎች የሚናወጡበት ኃይል በሞል 2.6 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው የኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ኮቫለንት ቦንድ፣ ማለትም አቶሞቹ ኤሌክትሮን ተጋርተው የተሣሠሩበት፣ 463 ነው፤ ከንውጽውጽታው 180 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ሙቀት ብቻውን አይነካውም። በሁለት የውሃ ሞለኪውሎች መካከል ያለው ሃይድሮጅን ቦንድ ደግሞ 20 አካባቢ ነው፤ ስምንት እጥፍ ገደማ። ይይዛል፣ ግን በየቅጽበቱ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ይህን ያህል «ደካማ» የሆነው ቦንድ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ያስቡ። ከውሃ የሚከብድ ሞለኪውል ነው፤ ነገር ግን ሃይድሮጅን ቦንዱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ይፈላል። ውሃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ይጠብቃል። ወንዝና ሐይቅ ያለን በዚህ ምክንያት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ብዙ መምህራን ለዲኤንኤ ይጠቅሱታል። ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። አዎ፣ ብዙ ደካማ ቦንዶች ተባብረው ሁለቱን ገመዶች ይይዛሉ፤ በአዴኒንና በታይሚን መካከል ሁለት፣ በጉዋኒንና በሳይቶሲን መካከል ሦስት። ነገር ግን አንበሳው መፈታት አለበት! ሕዋስ ሲከፈል ሁለቱ ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ይከፈታሉ። በባክቴሪያ ውስጥ በሰከንድ እስከ 1,000 የሚደርሱ ፊደላት ይገለበጣሉ። ሁለቱ ገመዶች በኮቫለንት ቦንድ ቢያያዙ ኖሮ መረጃው ፈጽሞ አይጠፋም፤ የሚያነበውም አይኖርም። በሌላ በኩል የእያንዳንዱ ገመድ አከርካሪ፣ ስኳርና ፎስፌት የተሰካኩበት፣ ኮቫለንት ነው፤ የፊደላቱ ቅደም ተከተል የተጻፈው በእርሱ ላይ ስለሆነ መፍረስ የለበትም። እንዲቆይ የተፈለገው በኮቫለንት፣ እንዲከፈትና እንዲዘጋ የተፈለገው በሃይድሮጅን ቦንድ። ልጆቹ ይህን አንድ ነገር ይዘው ከወጡ፣ ፕሮቲንም ሆነ የሕዋስ ሽፋን ሲማሩ አይቸገሩም።

ለፕሮቲን ዕንቁላል ይዘው ይግቡ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቢሆንም ለነጩ ከበቂ በላይ ነው፤ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራልና። የተፈታው የፕሮቲኑ አጣጣፍ ነው፤ አሚኖ አሲዶቹን የሰካው ፔፕታይድ ቦንድ አልተነካም። እርሱን በላብራቶሪ ለመበጣጠስ ፕሮቲኑን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ110 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ማቆየት የተለመደ ነው። ጨጓራና አንጀታችን ውስጥ ያሉት ፔፕሲንና ትሪፕሲን ግን ያንኑ በ37 ዲግሪ ይሠሩታል።


የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ ያሉትን እኔ በየቀኑ በፒሲአር ማሽን፣ ዲኤንኤን በሚያባዛው መሣሪያ፣ ላይ አየዋለሁ፤ መምህርት ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ማሽኑ ናሙናውን ወደ 95 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ሁለቱ የዲኤንኤ ገመዶች ይላቀቃሉ። ከዚያ ከ50 እስከ 65 ባለው መካከል ያቀዘቅዘዋል፤ ፕራይመር የምንላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ቦታቸውን ፈልገው ይይዛሉ። በ72 ዲግሪ ኤንዛይሙ አዲሱን ገመድ ይሠራል። ይህ 30 ጊዜ ከተመላለሰ፣ ሁሉም በትክክል ከሄደ፣ አንዱ ቅጂ ከቢሊዮን በላይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሞቅና መቀዝቀዝ ውስጥ አከርካሪው አይበጠስም። የኮሮና የፒሲአር ምርመራ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ዓይነት ቦንዶች ልዩነት ላይ ነው። ኤንዛይሙም በ95 ዲግሪ የማይፈታ ፕሮቲን መሆን ስላለበት የተገኘው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው።

ለአጭር ፕራይመር ሙቀቱን በእጅ የምንገምትበት ዘዴ አለ፤ ለእያንዳንዱ አዴኒን ወይም ታይሚን 2 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ጉዋኒን ወይም ሳይቶሲን 4 ዲግሪ። ከሃያ ፊደላት ዐሥሩ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ከሆኑ 20 ሲደመር 40፣ ማለትም 60 ዲግሪ ይመጣል። ተማሪዎች በደቂቃ ይሠሩታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ሁለቱን ገመዶች የሚያጸናው ሃይድሮጅን ቦንድ ብቻ አይደለም። ቤዞቹ፣ ማለትም ፊደላቱ፣ ጠፍጣፋ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚኖረው መሳሳብና ከውሃ መሸሻቸው ለጽናቱ ያለው ድርሻ እንዲያውም ይበልጣል። ሃይድሮጅን ቦንዱ ይበልጥ የሚጠቅመው ትክክለኛው ፊደል ከትክክለኛው ጋር እንዲገጥም ነው።


ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር፣ ጎንደር፦

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። መምህርት፣ የእርሱን ጭማሪ አብረው ያስተምሩ።


የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ፈተናው ነው። ጥያቄው «ኤቲፒ ኃይል የሚለቀው እንዴት ነው?» ካለ እና ከምርጫዎቹ አንዱ «የመጨረሻው ፎስፌት ቦንድ ሲሰበር» ካለ፣ ምን ላድርግ?


መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ልጄ፣ ሌሎቹን ምርጫዎች ተመልከት። «ኤቲፒ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ኤዲፒና ፎስፌት ሲሆን» የሚል ካለ እርሱን ምረጥ። ከሌለና የቀሩት ጨርሶ የማይመስሉ ከሆኑ ጠያቂው ምን ለማለት እንደፈለገ ታውቃለህ፤ ምረጠውና እለፍ። የጽሑፍ ጥያቄ ከሆነ ግን ሙሉውን ለውጥ ጻፍ።


የምግብ ሳይንስ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦

እኔ ስለ ካርቦሃይድሬት ማንም ስላላነሣ ገባሁ። ከጤፍ እርሻ አጠገብ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለዚህ ትምህርት ተጠቀሙበት። ፍሬውን እንበላለን፣ ጭዱን ለከብት እንሰጣለን። በፍሬው ውስጥ ያለው ስታርችና በጭዱ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር የተያያዘበት አቅጣጫ ነው፤ በስታርች አልፋ፣ በሴሉሎስ ቤታ ይባላል። በአልፋ ሲያያዝ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ የምራቃችን አሚሌዝም ይደርስበታል። በቤታ ሲያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፣ ከጎረቤቱ ሰንሰለት ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ ተደርድሮ ጠንካራ ክር ይሆናል። ያንን ቤታ ቦንድ የሚቆርጥ ኤንዛይም እኛ የለንም። ላሟም ራሷ የላትም፤ በሆዷ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚቆርጡላት።

ለክፍል ማሳያ ከፋርማሲ የአዮዲን ቲንክቸር ግዙ። አንድ ጠብታ በድንች ቁራጭ ላይ፣ አንድ ጠብታ በጥጥ ላይ። ድንቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ አዮዲኑ በተጠመዘዘው የስታርች ሰንሰለት መካከል ስለሚገባ ነው። ጥጥ ንጹሕ ሴሉሎስ ማለት ይቻላል፤ እርሱ ላይ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ግሉኮሱ አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ሲለያይ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

እንጀራም የቦንድ ጉዳይ ነው። ከሊጡ ላይ ተቀንሶ አብሲት ሲጣል ስታርቹ ከውሃ ጋር ሞቆ ያብጣል፤ በሰንሰለቶቹ መካከል የነበሩት ሃይድሮጅን ቦንዶች ተፈትተው በቦታቸው ውሃ ይገባል። ምጣዱ ላይ የቀረው ስታርችም እንዲሁ ይሆናል። እንጀራው ሲያድር ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ፤ እየጠነከረ የሚሄደውና የሚሰባበረው ስለዚህ ነው። መድረቅ ብቻ አይደለም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎም ይጠነክራል። ስታርች ያለበት ምግብ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ፣ ይበልጥ ይፈጥንበታል። ስናሞቀው እንደገና የሚለሰልሰው ቦንዶቹ ስለሚፈቱ ነው፤ ኮቫለንት ቢሆኑ ኖሮ በማሞቅ አይመለስም ነበር።


መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! የባዮጋዙን ስሌት ዛሬ ማታ በወረቀት ሠርቼዋለሁ፤ 802 መጣልኝ። አዮዲኑንም ነገ እገዛለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። የባዮሎጂ መጽሐፋችን አዮኒክ ቦንድን፣ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለውን፣ ከሃይድሮጅን ቦንድ ጋር አብሮ «ደካማ ቦንዶች» በሚለው ሥር ያስቀምጠዋል። የኬሚስትሪው ደግሞ ጠንካራ ነው ይላል፤ የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። ያቺ ልጅ ይህንንም እንደምታነሣው አልጠራጠርም።


ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር፣ ጎንደር፦

እንድታነሣው እመኛለሁ። ሁለቱም መጻሕፍት እውነት ይናገራሉ፤ አንዱ ስለ ደረቅ ጨው፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ስለገባ ጨው። ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ጨው ቆርጦ ለማውጣት መጥረቢያ ያስፈልጋል፤ ያንኑ አሞሌ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ይጠፋል። መጥረቢያው ያቃተውን ውሃ የሚያደርገው እንዴት ነው? የውሃ ሞለኪውል አንድ ጫፉ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሌላው በከፊል ፖዘቲቭ ነው። ሶዲየሙን በኦክሲጅኑ በኩል፣ ክሎራይዱን በሃይድሮጅኑ በኩል ይከባቸዋል። በመካከላቸው ያለው መሳሳብ በባዶ ቦታ ከነበረው ወደ አንድ ሰማንያኛ ገደማ ይወርዳል። እዚህም ላይ የመጀመሪያው ሕግ እንደሚሠራ ያሳዩአቸው፤ ጨውን ለማፍረስ የወጣው ኃይል አብዛኛው የሚመለሰው ውሃው አዮኖቹን ሲይዝ ነው። ጥቂት ስለሚጎድል ነው ጨው የሟሟበት ውሃ በትንሹ የሚቀዘቅዘው።

ሕዋስ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ባዮሎጂው «ደካማ» ማለቱ አግባብ አለው። በፕሮቲን እጥፋት ውስጥ፣ ውሃ እንደ ልብ በማይገባበት ቦታ፣ ግን ሁለት ተቃራኒ ቻርጆች ቢገናኙ ጠበቅ አድርገው ይያዛሉ። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚያመላልሰውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን፣ ይውሰዱ። ጡንቻ ሲሠራ አካባቢው አሲዳማ ይሆናል። በቤታ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያለው ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ፣ ቁጥሩ 146፣ ፕሮቶን ይቀበልና ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በዚያው ሰንሰለት ላይ ያለውን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ኔጋቲቭ አስፓርቴት ቁጥር 94ን፣ ይይዛል። ይህች አንዲት አዮኒክ ቦንድ ሄሞግሎቢኑን ኦክሲጅን ወደሚለቅበት ቅርጽ ከሚያዘነብሉት አንዷ ናት። ሳንባ ውስጥ አሲዱ ሲቀንስ ትፈታለች፣ ኦክሲጅን እንደገና ይያዛል። ክርስቲያን ቦር ይህን የአሲድ ውጤት በ1904 ሲገልጽ የሂስቲዲኑን ቦታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ለሰኞ ባትሪ፣ ትንሽ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይያዙ። ሽቦዎቹን መጀመሪያ ደረቅ ጨው ላይ፣ ቀጥሎ በውሃ የተሟሟ ጨው ውስጥ ያስገቡ። አምፖሉ የሚበራው በሁለተኛው ነው። ጨዉን በደንብ ያብዙት፣ ሽቦዎቹንም ያቀራርቧቸው፤ አለበለዚያ ብርሃኑ ደብዝዞ ከኋላ የተቀመጡት አያዩትም።